በዓል የሚፈራ ሰው

«መሄድ ትችያለሽ፤ ማንም አይይዝሽም። ግን የጫማሽን ክር እየቋጠርሽ መልሰሽ ትፈቺዋለሽ።»

ትርንጎ ቀና አላለችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከክሩ ጋር ትታገላለች።

«እጄ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እያየሁት ነው።»

አራተኛ ፎቅ። ከሰዓት በኋላ። በኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩ ጀሪካኖች፣ ከአንዱ ቤት የሚሰማ የሬዲዮ ማስታወቂያ። ከጋሽ ደባልቄ ቤት ግን ምንም አይሰማም። ውስጥ ሰዎች ምንጣፍ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ጋሽ ደባልቄ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሶፋቸውን ሸጠው ሳሎናቸውን ባዶ ካደረጉ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እየመጣ አብሯቸው ዝም ይላል። የሚመጡት ተመስጦ ይሉታል። እሳቸው «መቀመጥ» ነው የሚሉት።

ትርንጎ ከእነዚያ ሰዎች መሀል ድንገት ተነስታ ነው የወጣችው። ጫማዋን በእጇ ይዛ። እሳቸውም ተከትለዋት ወጡ።

«ድሮም ለእኔ አይሆንም ብዬ ነበር» አለች። «እህቴም ነግራኛለች። ‹ዓይን ጨፍኖ ባዶ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነገር መጥራት ነው› ብላኛለች። ነገ ጠበል ልትወስደኝ ነው።»

«መጀመሪያ ምን እንደሆንሽ ንገሪኝ።»

«እርስዎ አላዩም?»

«እኔ እዚያ ዓይኔን የምጨፍነው ለይምሰል ነው እንዴ?»

ልትስቅ ቃጣትና ተወችው።

«በመጀመሪያው ቀን አገጬ ነበር። ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ በርዶኝ ነው አልኩ። ከዚያ እንባ መጣ። አዝኜ አይደለም እኮ፣ ጋሼ። ዝም ብሎ ይወርዳል፤ እንደ ተበላሸ ቧንቧ። እሱንም ቻልኩት። ዛሬ ግን እጆቼ ከጉልበቴ ላይ ተነሱ። ሁለቱም። እኔ አላነሳኋቸውም! መዳፌ ወደ ላይ ሆኖ፣ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ፣ የሆነ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው። ወደ ታች ልጫናቸው ብል እምቢ አሉኝ።»

«ሐኪም አይቶሻል?»

«ያላየኝ ሐኪም የለም። ደም አዩ፣ ነርቭ አዩ፣ ጭንቅላቴን ራጅ አነሱ። ‹ጤነኛ ነሽ፣ ዕረፍት ውሰጂ› አሉኝ። ዕረፍት ስወስድ ነዋ የሚነሳብኝ! ሥራ ላይ ስሆን ደህና ነኝ። ልብስ ሳጥብ ደህና ነኝ። ታክሲ ተሰልፌ እንኳ ደህና ነኝ። ቁጭ ስል ብቻ።»

ክሩን ለቀቀችው። ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ምን ያዘኝ፣ ጋሼ? እውነቱን ይንገሩኝ። ካበድኩም አበድሽ ይበሉኝ። እኔ ቤት ማንም የለም። አንድ ነገር ብሆን በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለም።»

ጋሽ ደባልቄ ይህን ያውቃሉ። የትርንጎ እናት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ለዓመታት አልጋ ላይ ነበሩ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ያነሳቻቸው ይህች ቀጭን ልጅ ናት። ባረፉ ጊዜም ጋሽ ደባልቄ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው አይተዋታል፤ ለለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ስታስተናግድ፣ ውኃ ስታቀርብ፣ የተከራዩትን ወንበር ስትደረድርና ስትሰበስብ። ስታለቅስ ያያት ሰው አልነበረም። «ጎበዝ ልጅ» ተባለ። እንግዳው ሲሄድ ወንበሩም ሄደ። ቤቱ እሷ ብቻ ቀረችበት።

አሁን በዚህ ደረጃ ከወረደች ደግማ እንደማትወጣው ያውቃሉ። ቁጭ ማለት የሚባለውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትሸሸውም።

ግድግዳውን ይዘው ከጎኗ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ተንቋቋ።

«እሱን አትስሚው፤ ሁልጊዜ ያማርራል» አሉ። «ደግሞ ለብቻሽ እንዳይመስልሽ። ባለፈው ወር የአንዱ ሰውዬ ሆድ ጮኸና የጭነት መኪና ታች የቆመ መስሎን ነበር። ሌላው ያንኮራፋል። ስቀሰቅሰው ‹ጥልቅ ገብቼ ነው› ይለኛል።»

«እኔ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አይደለሁም። ጥያቄ ጠይቀሽኛል፤ ልመልስልሽ ነው።»

ጉልበታቸውን እያሹ ቀጠሉ።

«አንድ ሰው ነበረ፤ ገመድ የያዘ።»

«ስሙ ማነው?»

«ስም ከሰጠሁት ሌላ ሰው ይመስልሻል። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ገበሬ ነበረ። አንድ ወንድም ነበረው። ሁለቱ በእርሻቸው ዳር የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ወንድምየው ከታች ሆኖ ይቆፍራል፤ እሱ ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ወፍራም ግንድ አጋድመዋል፤ ገመዱ በግንዱ ላይ ያልፋል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ገበያ ወርዷል።

ወንድምየው ከታች «ራሴን አዞረኝ፤ ሳበኝ» አለ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ሰውየው ሳበ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወንድሙ ዝም አለ። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንዳንዴ የታመቀ ክፉ አየር አለ፤ ሽታ የለውም፣ ሰውን ሳያስለው ይወስደዋል። ወንድምየው ግድግዳውን ይዞ በእጁና በእግሩ ያግዝ ነበር። አሁን ሙሉ ክብደቱ ገመዱ ላይ ዋለ።

ሰውየው ብቻውን ሊያወጣው አልቻለም። ሊለቀውም አልቻለም። ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመ፤ እግሩን ግንዱ ላይ ተከለ፤ ያዘ።

ጮኸ። የሰማ የለም። ኋላ ጩኸቱም ጉልበት እንደሚጨርስበት ገባውና ዝም ብሎ ያዘ።

«እስከ መቼ?» አለች ትርንጎ።

«ከገበያ እስኪመለሱ።»

ሰዎቹ ሲደርሱ ጥላ ረዝሞ ነበር። ብዙ ሆነው ገመዱን ከፊቱ ያዙና ወንድሙን አወጡት። ሞቷል። መቼ እንደሞተ ማንም አላወቀም፤ ምናልባት ዝም ባለበት ቅጽበት ነው። ሰውየው ግን ገና እንደያዘ ነው። «ልቀቅ» አሉት። «ልቀቅ እንጂ፤ ወጥቷል እኮ!» የሚሰማ አይመስልም። በመጨረሻ አንዱ ማጭድ አምጥቶ ገመዱን ከጡጫው ወዲህና ወዲያ ቆረጠው። ጣቶቹን ለብ ባለ ውኃ እያሹ አንድ በአንድ ፈቱለት።

ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም። አላለቀሰም። ጊዜ አልነበረውም። ቀብር ነበረ። ከቀብሩ በኋላ የወንድሙ ልጆች ነበሩ። ከልጆቹ በኋላ ክረምቱ ነበረ፤ ያልታረሰ መሬት፣ የሚያፈስ ጣራ። ለመንቀጥቀጥ ቀን ያስፈልጋል። ቀን አላገኘም።

ልጆቹን አሳደገ። ራሱ አላገባም። «ሚስት እንፈልግልህ» ሲሉት «እነዚህ ይደጉ» ይላል። እጁ ባዶ ሆኖ የታየበት ጊዜ የለም። ዶማ፣ መጥረቢያ፣ የአጥር እንጨት፣ ሞፈር። ቅዳሴ ሲቆም እንኳ መቋሚያውን እንደዚያ ጨብጦ ነው፤ ሊነጥቁት የመጡ ይመስል። ሰላምታ ሲሰጡትስ? እጁ የቆሸሸ ሰው የሚያደርገውን ታውቂያለሽ፤ መዳፉን ሰብሰብ አድርጎ የእጁን አንጓ ይሰጣል። እሱ ሁልጊዜ አንጓውን ነበር የሚሰጠው። በሠርግ፣ በክርስትና፣ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ «እጄ ቆሽሿል» ይላል። በዚያ አገር መዳፉን ነክቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ የራሷን እጆች አየቻቸው። ጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

ልጆቹ አደጉ። ሴቷ ተዳረች፤ ወንዱ ከተማ ገባ። ቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሚያስነጥስበት ቤት ሆነ።

ያኔ ነው በዓል መፍራት የጀመረው።

«በዓል ምኑ ይፈራል?» አለች።

«አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ። በበዓል ዶማ አይያዝም። እንጨት አይፈለጥም። ገበሬ በበዓል ቁጭ ማለት አለበት፤ ቁጭ ካላለ ጎረቤት ይቆጣዋል፤ በረዶ ልታወርድብን ነው ይሉታል።»

መጀመሪያ የሆነው በሚካኤል ዕለት ነው። ከቅዳሴ ተመለሰና ደጁ ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከየቤቱ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ልጅ ትጠራለች። የሚጠራው ልጅ የለውም። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተመለከተው። የሌላ ሰው እጅ መሰለው። በግራው ያዘው፤ አልቆመም። ተነስቶ ወደ ጓሮ ዞረና ከአጥሩ የወደቀ ድንጋይ አንስቶ ጨበጠ። ቆመ።

ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር ከቤቱ ይወጣ ጀመር። በትሩን ይዞ፣ ተራራውን ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሄዳል። ለዝክር ይጠሩታል፤ አይገኝም። ለማኅበር ይጠሩታል፤ አይገኝም። «ኮራብን» አሉ። «ልጁ ከተማ ስለገባ ነው» አሉ። ኋላ መጥራቱንም ተዉት። ያን ያህል በዓል ባለበት አገር በዓል የሚሸሽ ሰው ብዙ መንገድ ይሄዳል።

«ለጤና ጥሩ ነው» አለች ትርንጎ። «የእኔ ሐኪምም ተራመጂ ብሎኛል።»

«እግሩ ነው ኋላ የከዳው።»

በማርያም ዋዜማ እንጨት ሲያወርድ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። በነጋታው መራመድ አልቻለም። ደጁ ላይ ተቀመጠ። የሚጨብጠው ነገር ፈለገ፤ በአጠገቡ ምንም አልነበረም። እጁ ጀመረ። ክንዱ ተከተለ። ከዚያ ትከሻው፤ ከዚያ አገጩ። ከደረቱ ውስጥ ራሱ የማያውቀው ድምፅ ወጣ። ጎረቤቱ ሴትዮ ብቻውን መዋሉን ሰምታ፣ ቂሟን ትታ፣ ምሳ ይዛለት እየመጣች ነበር። አየችው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሮጠች።

«ያዘው! ኑ፣ ያዘው!»

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን ልብ በይልኝ። የተቀየሙትን ሰው በቃሬዛ አድርገው፣ በትከሻቸው እየተፈራረቁ፣ ዳገቱን ወጥተው ጠበል ወሰዱት። አንዱ ሸማውን አውልቆ አለበሰው። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ጠበሉ ላይ አንድ ቄስ ነበሩ፤ ወጣት፣ ለደብሩ አዲስ።

የጠበልን ሥርዓት ታውቂያለሽ። ቄሱ የሚነጋገሩት ከታማሚው ጋር አይደለም፤ ከያዘው ነገር ጋር ነው። ስለዚህ ‹አንተ› ነው የሚባለው። ታማሚው ሽማግሌ ቢሆን፣ ባለ ማዕረግ ቢሆን፣ አንተ ነው። ክፉ መንፈስ አንቱ አይባልም።

ውኃው ወረደበት። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው፦

«አንተ! ማን ነህ?»

ሰውየው ስሙን ነገራቸው። የገዛ ስሙን።

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። «ይዋሻል! መች በቀላሉ ይናገራል» አለ አንዱ።

«ከየት ያዝከው?»

«ከጉድጓዱ አፍ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጉድጓድ፣ ወንዝ፣ ገደል አፋፍ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሰው የሚይዝበትን ቦታ ማን የማያውቅ አለ?

«መቼ ነው የያዝከው?»

«በገበያ ቀን። ሰው በሌለበት።»

«ብቻውን አግኝቶት! ብቻውን አግኝቶት!» አለች ሴትዮዋ ደረቷን እየመታች።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ልቀቅ!»

«አልለቅም።»

«ልቀቅ!»

«አልለቅም። ከለቀቅሁ ይወድቃል።»

«ይዝታል፤ ሰምታችኋል? ይዝታል!» አሉ ከኋላ።

ጋሽ ደባልቄ ታሪኩን እዚህ ላይ ገታ አደረጉ። ከታች ፎቅ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፤ ድምፁ በደረጃው ይወጣል።

«አየሽ፣ አንድም ውሸት አልተናገረም» አሉ። «እነሱም አንድ ያጎደሉት ጥያቄ የለም። ጥያቄውና መልሱ እንደ ክዳንና እንደ ድስት ገጠሙ። ሁሉም ሰው የሚሰማውን ሰማ።»

«ታዲያ ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ቄሱ እጁን አዩ።»

እንደገና ሊጮኹ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ጠበል ላይ ብዙ እጅ አይተዋል፤ የሚወራጭ፣ የሚቧጭር፣ አየር የሚመታ። ይህ እጅ እንደዚያ አልነበረም። ተጨብጧል። ክንዱ ተስቧል። ሰውየው ከወገቡ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ያን የታመመ እግሩን እንኳ መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከፊት ለፊቱ፣ ከታች፣ የሚጎትተው ነገር ነበረ።

ጎንበስ አሉና በጆሮው ጠየቁት።

«ማነው የሚወድቀው?»

«ወንድሜ።»

ቄሱ ውኃው እንዲቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡ። መስቀላቸውን ከግንባሩ ላይ አነሱ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙትም።

«አባባ» አሉት። «ከታች ማንም የለም። ወንድምዎ ከላይ ነው ያለው። ይልቀቁ።»

‹ልቀቅ› አላሉም። ‹ይልቀቁ›።

አንቱ የሚባል ሰው ነው። ሰውየው ያን ጊዜ ነው የሚያነጋግሩት እሱን መሆኑ የገባው። ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ከእሱ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም ነበር።

ጣቶቹ ተከፈቱ። ትንሿ ጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ቆልመም እንዳለች ቀረች።

ከዚያ ተንቀጠቀጠ። እስከዚያ የነበረው ምንም አልነበረም። እግሩ፣ ወገቡ፣ ጥርሱ። ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ በረደው። አዛጋ፤ መንጋጋው እስኪንቋቋ አዛጋ። አለቀሰ፤ ሆዱን ይዞ አለቀሰ። በጉድጓዱ አፍ፣ በቀብሩ ላይ፣ በባዶ ቤቱ ያልተንቀጠቀጠውን ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ቄሱ አልነኩትም። ዝም በል አላሉትም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ከጎኑ ተቀምጠው ጠበቁት።

ሕዝቡ የመጣው መንፈስ ስሙን ተናግሮ ሲወጣ ሊያይ ነበር። የሚጮህ ነገር ሲያጣ ጊዜ ቀስ በቀስ ተበተነ።

ጋሽ ደባልቄ እዚህ ላይ አበቁ። ትርንጎ ጠበቀች፤ የሚቀጥሉ መስሏት።

«ዳነ?» አለች በመጨረሻ።

«ሌላ በዓል ሲመጣ ደጁ ላይ ተቀመጠ። እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ተወው። ቆመ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። አንዳንዴ ትከሻው ላይ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነገር ይሰማዋል፤ አንዳንዴ ሙቀት፤ አንዳንዴ ምንም።»

«ሰዎቹስ? መምጣት ጀመሩ?»

«አልጀመሩም።»

«ለምን?»

«‹ያዘው› ሲባል ሰምተዋል፤ ‹ለቀቀው› ሲባል የሰማ የለም። ልጆቻቸውን በደጁ አያሳልፉም። ያቺ ሴትዮ እንኳ ያመጣችለትን ሳህን መልሳ አልወሰደችም።»

«እንግዲያው ብቻውን ቀረ።»

«ብቻውን ቀረ። ግን ቁጭ ብሎ ነው ብቻውን የሆነው። በፊት እየሮጠ ነበር ብቻውን የነበረው።»

«ይሄ ታሪክ አያጽናናም፣ ጋሼ።»

«ላጽናናሽ አልነገርኩሽም። ጠየቅሽኝ፤ መለስኩልሽ።»

ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲህ ስሚ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ‹ምን ያዘኝ› ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ ጎረቤቶቹ እንደጠየቁት። እኔ እስከማየው የያዘሽ ነገር የለም። የያዝሽው አንቺ ነሽ። የምታነሺውን አንስተሽ፣ ለመንቀጥቀጥ ቀን ሳታገኚ፣ ለማልቀስ እጅ ሳይተርፍሽ ቆየሽ። እዚህ ስትመጪና ዓይንሽን ስትጨፍኚ ለሰውነትሽ በዓል ሆነለት። ሥራ የለም። የሚጨበጥ ዶማ የለም። ስለዚህ ያኔ ያላደረገውን አሁን ያደርጋል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ ያልበዋል፣ ያዛጋል። ሲመጣ አታባሪው። ካልመጣም አትጥሪው፤ እኔ ቤት የሚንቀጠቀጥ አይሸለምም። ከበዛብሽ ዓይንሽን ግለጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ፣ ውኃ ጠጪ፣ ሌላ ቀን ተመለሽ። ጠበልም ከሄድሽ ሂጂ፤ እኔ ማን ነኝና እከለክልሻለሁ? ብቻ ‹ማን ነህ› ሲሉሽ የገዛ ስምሽን ንገሪያቸው።»

የሬዲዮው ማስታወቂያ አልቆ ዜና ጀምሯል።

«እሱንስ ቄሱ አንቱ አሉት» አለች። ድምጿ ቀልድ ነው፤ ዓይኗ አይደለም። «እኔን ማን አንቱ ይለኛል?»

ጋሽ ደባልቄ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ኮታቸውን አስተካከሉ። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ አሉላት።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሪት ትርንጎ።»

ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ ልግባ» አሉ። «ያ ሰውዬ ጥልቅ ገብቷል መሰለኝ፤ ከዚህ ይሰማኛል።»

በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። ልሂድ አለች፤ አልሄደችም። ልግባ አለች፤ አልገባችም። እጆቿን ከጭኗ ሥር አወጣችና ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። ዓይኗን አልጨፈነችም። ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ታያለች።

አገጯ ጀመረ።

ከዚያ እጆቿ ተነሱ። አልተጫነቻቸውም። መዳፎቿ ወደ ላይ፣ ክርኖቿ ወደ ጎኖቿ፣ ጣቶቿ ትንሽ ታጥፈው። ይህን ቅርጽ ታውቀዋለች። ከአልጋ ላይ ሰው በብብቱ ሥር ገብተው ሲያነሱ እጅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ለዓመታት፣ ጧት ጧት፣ እንዲህ ነበር። ክንዶቿ ከክብደቱ በታች ይንቀጠቀጣሉ። ክብደቱ የለም።

«እማዬ» አለች፤ ለማንም እንዳይሰማ አድርጋ።

እንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም፤ የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም።

ፊት ለፊት ያለው ቤት ተከፈተ። አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ በቤት ጫማ፣ የቆሻሻ ፌስታል አንጠልጥላ ብቅ አለች። አየቻትና ደነገጠች።

«ውይ በስመአብ! ምን ሆነሽ ነው፣ እህቴ? ምን ያዘሽ?»

ትርንጎ እጆቿን አላወረደችም።

«ምንም አልያዘኝም» አለች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ትንሽ የቀረኝ አለ።»

ሴትዮዋ ጠበቀች፤ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚከተል መስሏት። ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አንድ እርምጃ ወደፊት ልትል ቃጣትና መልሳ ተወችው። ከዚያ ቆሻሻዋን እንደያዘች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ ኋላዋ ገባች።

በሩ ተዘጋ።